ዲሽ ከሰማይ፣ ኢንተርኔት ከአንድ በር

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ዘጋቢ ፊልም ነው። እንግሊዝ አገር ከታየ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። እዚህ ግን እንዳለ አልቀረበም። ደርግ ቆርጦ ቀጥሎታል። አጥንታቸው የወጣ ሕፃናት ይታያሉ፤ ወዲያው የቤተ መንግሥት ግብዣ ይመጣል። የሚያጣጥሩ እናቶች ይታያሉ፤ ወዲያው የንጉሡ ውሾች ሥጋ ሲበሉ ይመጣል። ንጉሡም ራሳቸው እንዲያዩት ተደርጓል ይባላል። በማግስቱ ጠዋት አፄ ኃይለ ሥላሴ በአንዲት ቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ።

በፊልሙ ውስጥ ውሸት የሚባል ምስል አልነበረም። ረሃቡም እውነት፣ ግብዣውም እውነት። ሥራውን የሠራው መቀሱ ነው። ያን ማታ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ሰው ሁሉ አንድ ነገር አየ፣ በአንድ ሰዓት አየ፣ መልስ የሚሰጥበት መንገድ ግን አልነበረውም። ለነገሩ ጣቢያው ገና አሥር ዓመቱ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሥራ የጀመረ፣ ከአዲስ አበባ ብዙም የማይርቅ፣ የጥቂት ሰዎች ዕቃ። ያም ሆኖ ለሺህ ዘመናት ክቡር ተብሎ የኖረን ዙፋን ለመሰናበት አንድ ምሽት በቃው።

ቴሌቪዥንና ኢንተርኔት ሲወዳደሩ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ቀላል ታሪክ ነው። ቴሌቪዥን የመንግሥት አፍ ነው፣ ኢንተርኔት የሕዝብ ነው፤ አንዱ ያፍናል፣ ሌላው ነፃ ያወጣል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ነበር የማስበው። ያለፉትን ሃያ ዓመታት መለስ ብዬ ሳይ ግን ታሪኩ አልገጥም አለኝ። በኢትዮጵያ ለመንግሥት በጣም ያስቸገረው ቴክኖሎጂ ኢንተርኔት አልነበረም። ጣሪያ ላይ የተተከለው ዲሽ ነው። ዲሽ ደግሞ ቴሌቪዥን ነው።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለማየት ሁለት ነገር መጠየቅ ይበቃል። መቀሱ ማን እጅ ነው? ማብሪያ ማጥፊያውስ?

በደርግ ጊዜ ሁለቱም አንድ እጅ ነበሩ። መስከረም 1977 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር ቴሌቪዥናችን ባለ ቀለም ሆነ። ያኔ ሰሜኑ አገር እየተራበ ነው። ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ምስል ለንደን ላይ ታየ፤ ከዚያ ዓለምን አዳረሰ። የዓለም ሕዝብ በቴሌቪዥን ያየውን የገዛ ረሃባችንን እኛ በባለ ቀለሙ ቴሌቪዥናችን አላየነውም። ከዚያ በኋላ ስለ ኢቲቪ አንድ ቀልድ ተፈጠረ፤ እስካሁንም አላረጀም። አንዱ «የት መኖር ትፈልጋለህ?» ሲባል «ኢቲቪ ላይ የምትታየዋ ኢትዮጵያ ውስጥ» አለ።

ቴሌቪዥንን ስወቅስ ግን የ1997ን ክርክር መርሳት ግፍ ይሆንብኛል። ከግንቦት 7ቱ ምርጫ በፊት ኢቲቪ የፓርቲዎችን ክርክር በቀጥታ ያስተላልፍ ነበር። በአንድ በኩል እነ ልደቱ አያሌው፣ እነ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ፣ እነ ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ፤ በሌላ በኩል የኢሕአዴግ ሰዎች። ቀጥታ ስርጭት ነው፤ መቀስ የለም። ሚኒስትር ሲጠየቅና ሲያልበው አየን። ሻይ ቤቱ፣ ግሮሰሪው፣ ጎረቤት ቤት ሁሉ ክርክር ሆነ። በማግስቱ ታክሲ ውስጥ የሚጨቃጨቀው ሰው ሁሉ ማታ ያየው ያንኑ ክርክር ነበር። የኢሕአዴግ ደጋፊውም፣ የቅንጅት ደጋፊውም፣ ፖለቲካ የማይወደው የታክሲው ረዳትም። አንድ ነገር አይተው ነው የተጣሉት።

ይህን ደግሞ ፌስቡክ አንድም ቀን አልሰጠንም። ዛሬ ሁለት ሰው ስለ አንድ ጉዳይ ሲጨቃጨቅ ያየው ቪዲዮ ሌላ ነው፣ ያነበበው ሌላ ነው፣ የሰማው የሟች ቁጥር እንኳ ሌላ ነው። በ1997 የነበረው ጠብ ቢያንስ መነሻው የጋራ ነበር።

ከምርጫው በኋላ የሆነው ይታወቃል። ክርክሩ አበቃ፤ ኢቲቪ ወደ ቦታው ተመለሰ። የሞባይል የጽሑፍ መልእክትም ተዘጋ። ልብ በሉ፣ ኢንተርኔት አይደለም፤ ቴክስት ነው። ተቃዋሚዎች ሰው ለመጥራት ስለተጠቀሙበት ከሁለት ዓመት በላይ ተዘግቶ ቆየ። የተከፈተው ሚሊኒየሙ አካባቢ ነው። «መልካም አዲስ ዓመት» በቴክስት መላክ ብርቅ የሆነብን ሕዝቦች ነን። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ብሎጎች ከአገር ውስጥ አልከፍት አሉ።

ማብሪያ ማጥፊያው እዚህ ላይ ነው በደንብ የሚታየው። ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለረጅም ዓመታት የሚያልፈው በአንድ የመንግሥት ድርጅት፣ በቴሌ፣ በኩል ብቻ ነበር። ድሩ ዓለም አቀፍ ነው፣ ባለቤት የለውም ይባላል፤ እውነት ነው። ወደኛ ቤት የሚገባበት በር ግን አንድ ነበር፤ በሩም ዘበኛ አለው። አንድ ድረ ገጽ መዝጋት፣ ቴሌግራምን ብቻ መዝጋት፣ አንድ ክልልን ብቻ ማጨለም፣ ሁሉም ቢሮ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው።

ከዚህ በር ኋላ ሆነው ለመጻፍ የሞከሩት ልጆች ታሪክ ዛሬም ይገርመኛል። ዞን ዘጠኝ ይባላሉ። ስሙ የመጣው ከቃሊቲ እስር ቤት ነው። ቃሊቲ ስምንት ዞን ነበረው፤ ዘጠነኛው ዞን ውጪ ያለነው ነን ማለታቸው ነው። መፈክራቸው «ስለሚያገባን እንጦምራለን» የሚል ነበር። «ጦማር» የሚለውን የድሮ የደብዳቤ ቃል ለብሎግ አውጥተው ሕይወት ከሰጡት ሰዎች መካከል ናቸው። ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስቱ ጦማሪዎች ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ። በፀረ ሽብር ሕጉ ተከሰሱ። ክሱ ውስጥ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ በኢንተርኔት ላይ ራስን ከስለላ ስለመጠበቅ ሥልጠና መውሰድ ነበር። በርህን ቆልፈሃልና ሌባ ነህ እንደማለት ነው። ግማሾቹ ሐምሌ 2007፣ የቀሩት ጥቅምት 2008 ላይ ወጡ።

እውነቱን ለመናገር ጦማራቸውን ያነበበው ሰው ብዙ አልነበረም። ያኔ ኢንተርኔት የከተማ፣ የተማሪና የቢሮ ሠራተኛ ነገር ነው። መታሰራቸው ግን ከጽሑፋቸው የበለጠ አንባቢ አገኘ።

ወደ ዲሹ ልመለስ። የሳተላይት ጣቢያው ኢሳት በ2002 ዓ.ም. ከውጭ አገር ስርጭት ጀመረ፤ ገንዘቡን የሚያዋጣው ዲያስፖራው ነው። ቆይቶ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ፣ ኦኤምኤን፣ መጣ። ለገበሬውም ለነጋዴውም ነገሩ ቀላል ነበር። ዲሽና ሪሲቨር አንዴ ይገዛል፣ ያበቃል። ዳታ የለ፣ ፓኬጅ የለ፣ ማንበብ አይጠይቅ። አንድ ቴሌቪዥን ያለው ቤት አሥር ጎረቤት ያስተናግዳል። ምልክቱ የሚመጣው ከሰማይ ነው፤ በቴሌ በር አያልፍም።

መንግሥት ሊያፍነው አልሞከረም ማለት አይደለም። ሞክሯል። ሳተላይት ማፈን ማለት በዚያው ፍሪኩዌንሲ የበለጠ ጉልበት ያለው ምልክት ወደ ሳተላይቱ መርጨት ነው። ይህ ውድ ነው። ደግሞ በዚያው መስመር ላይ ያሉትን የሌሎች አገሮች ጣቢያዎችም ስለሚያበላሽ የሳተላይቱ ባለቤትና ጎረቤት አገር ሁሉ ይጮኻል። ኢሳት ይጠፋል፤ በሌላ ፍሪኩዌንሲ ይመለሳል። ያኔ ዲሽ የሚያስተካክሉ ልጆች ገበያቸው ደራ። መሰላል ተሸክመው ከጣሪያ ጣሪያ ይዞራሉ። አዲሱን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ለደንበኛ የሚያቀብሉ ነበሩ። በዚያ ዘመን ለሐሳብ መሰራጨት ከእነዚያ ባለ መሰላል ልጆች በላይ ውለታ የዋለ ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ፤ ሐውልት ግን ማንም አያቆምላቸውም።

መስከረም 2009 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የወጣው መመሪያ ኢሳትንና ኦኤምኤንን ማየትን ራሱ ከለከለ። ማሰራጨትን አይደለም፤ ማየትን። ማየት የሚከለከለው ማቋረጥ ሲያቅት ነው። ኢንተርኔትን «አትዩ» ያለ መንግሥት ግን ብዙም አልሰማሁም። አያስፈልገውማ! ዘጋው ማለት ዘጋው ነው።

ዲሹን ግን አላመልከውም። ዲሽ ሐሳብ ያመጣልሃል እንጂ ሐሳብህን አይወስድልህም። ከአንዱ ጣቢያ ስብከት ወጥተህ የሌላውን ጣቢያ ስብከት ነው የምትሰማው። የውጭዎቹም ጣቢያዎች የራሳቸው ፖለቲካና የራሳቸው መቀስ ነበራቸው። መናገር የጀመርነው በስልክ ነው።

ይህን በደንብ ያየነው ኅዳር 2006 ላይ ነው። ሪያድ መንፉሃ ሰፈር ኢትዮጵያውያን ሲደበደቡ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ፌስቡክ ወጡ። የቀረጸው እዚያው ያለ ስደተኛ ነው። ከዋሽንግተን እስከ አውሮፓ ከተሞች ኢትዮጵያዊ ያለበት ቦታ ሁሉ በሳዑዲ ኤምባሲዎች ደጃፍ ተሰለፈ። አዲስ አበባ ላይ ሰልፉን ፖሊስ በተነው። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ወደ አገሩ ተመለሰ። እንዲህ ዓይነት ነገር በቴሌቪዥን ብቻ ዘመን ቢሆን የምንሰማው ምናልባት «ዜጎቻችንን የመመለስ ሥራው በተሳካ ሁኔታ ቀጥሏል» የሚለውን ብቻ ነበር።

ወይም የ2008ቱን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና እንውሰድ። በኦሮሚያ ተቃውሞ ምክንያት ብዙ ተማሪ ትምህርቱን አልጨረሰም፤ ፈተናው ይራዘም ቢባል የሚሰማ ጠፋ። ግንቦት ላይ ፈተናው ከነጥያቄው ፌስቡክ ላይ ወጣ። መንግሥት ሰረዘው፤ ወደ ሐምሌ አዞረው። ጥቂት ሰዎች በኢንተርኔት የአንድን አገር ፈተና አራዘሙ። ሐምሌ ላይ ፈተናው ሲሰጥ ደግሞ ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘጋ። ጎበዝ ነው የተባለው ኢንተርኔት በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ማሸነፉንም መሸነፉንም አሳየን።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ሁለቱ ሲደጋገፉ የሆነው ነው። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ሪዮ ላይ ፈይሳ ሌሊሳ ማራቶኑን ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ እጆቹን ከራሱ በላይ አመሳቀለ። ቦታው የኦሎምፒክ ቀጥታ ስርጭት ነው፤ ቴሌቪዥን ከነሙሉ ጉልበቱ። ምልክቱ ግን ከዚያ በፊት በወራት ተቃውሞ ውስጥ የተለመደና በፌስቡክ የተሰራጨ ነው። ኢንተርኔት ያሰራጨውን ቋንቋ ቴሌቪዥን ለዓለም ተናገረለት፤ ኢንተርኔት ደግሞ ያንን ሴኮንድ ወስዶ ስልክ ላይ ሁሉ ለጠፈው። ከሁለት ወር በኋላ የወጣው መመሪያ ያንኑ የእጅ ምልክት ከለከለ።

ገጠር ውስጥም መንገዱ ይኸው ነበር። ወጣቱ በስልኩ ይቀርጻል። ቪዲዮው ኔትወርክ ወዳለበት ከተማ ይሄዳል። ከዚያ ወደ ውጭ ይላካል። ውጭ ያለው ጣቢያ ማታ በሳተላይት ያሳየዋል። ቪዲዮው ዞሮ ዞሮ ከተቀረጸበት መንደር አጠገብ ባለ ቤት፣ በዲሽ ይታያል። «ማን ነፃ አወጣ፣ ቴሌቪዥን ወይስ ኢንተርኔት?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ጋ ትርጉም ያጣብኛል። ግማሹን መንገድ አንዱ፣ ግማሹን ሌላው ነው የሄደው።

ከዚያ 2010 መጣ። ሰኔ ላይ መንግሥት 264 ድረ ገጾችንና የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን ከፈትኩ አለ። የውጭዎቹ ጣቢያዎች አዲስ አበባ ቢሮ ከፈቱ። እሰይ ብለን ነበር።

እዚህ ላይ ስለ መቀሱ ደግሜ ላንሳ። በ1967 መቀሱን የያዘው ደርግ ነበር፤ ቢያንስ ማን እንደቆረጠው ይታወቅ ነበር። በፌስቡክ መቀሱን የያዘው ስልተ ቀመር (አልጎሪዝም) ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ፊልም ይቆርጥለታል። የተናደደ ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ የሚያናድደውን ያስቀድምለታል። ለኔ ወገን የኔን ሬሳ፣ ላንተ ወገን ያንተን ሬሳ ያሳያል። ሁለቱም ሬሳ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ልክ እንደ ረሃቡና እንደ ግብዣው።

ጥቅምት 2014 ላይ አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር በራቸው ላይ በጥይት ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውና ፎቷቸው ከክስ ጋር ፌስቡክ ላይ ሲዘዋወር ነበር። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሱ ለኩባንያው ደጋግሞ ማመልከቱን ይናገራል። በታኅሣሥ 2015 ልጁ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ፍርድ ቤት ከሰሰ። በመጋቢት 2017 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። የኢትዮጵያን ጉዳይ ናይሮቢ ላይ የሚከሱት በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን የሚጻፈውን የመቆጣጠር ሥራ ኬንያ ውስጥ ይሠራ ስለነበር ነው። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የሰው ስምና ፎቶ አውጥቶ «ይኸው ጠላት» ቢል አዘጋጁን በስም ታውቀዋለህ። እዚህ ግን ማንን ትጠራለህ?

መንግሥት የራሱን መልስ በ2012 ዓ.ም. አወጣ፤ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012። ውስጡ አንዲት የምትገርም ነገር አለች። ሐሰተኛ መረጃው የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል፤ እስከ ሦስት ዓመት እስር ወይም እስከ 100,000 ብር። ከዚህ ገጽ ጎን የተቀመጡት ብሮድካስትና የኅትመት ሚዲያ ናቸው። ሕጉ 5,001 ተከታይ ያላትን ፀጉር ሠሪ ከቴሌቪዥን ጣቢያ እኩል ቆጠራት ማለት ነው። ሳቅም ይመጣል። ግን ሕግ አውጪው ያየውን ነገር በደንብ አይቶታል፤ በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት መካከል የነበረው ግድግዳ ፈርሷል።

ማብሪያ ማጥፊያው ግን አልፈረሰም። ሰኔ 22 ቀን 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ጠፋ፤ ለሦስት ሳምንት ያህል። ጥላቻውን ለማብረድ ነው ተባለ። ሊሆን ይችላል። ያንን ሰሞን ግን ወሬ አልቆመም፤ የሚያጣራው ጠፋ እንጂ። በትግራይ ጥቅምት 25 ቀን 2013 ጦርነቱ ሲጀመር ስልክም ኢንተርኔትም ተቆረጠ፤ ኢንተርኔቱ እስከ ፕሪቶሪያው ስምምነት ድረስ ሁለት ዓመት፣ ለአንዳንዱ ቦታ ከዚያም በላይ። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ ሰው እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቅ ከረመ። እዚያ ዲሽም አልረዳም፤ መብራት ከሌለ ዲሽ ሳህን ነው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ ተራው የአማራ ክልል ሆነ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ።

በመስከረም 2015 ሳፋሪኮም አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር ብዙዎቻችን ሁለተኛ በር ተከፈተ ብለን ነበር። በሩ ሁለተኛ ነው፤ ዘበኛው ያው ነው። ሲዘጋ ሁለቱም ይዘጋሉ።

የካቲት 2015 ትዝ ይለኛል። በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ አገር ተናውጦ ነበር። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተዘጉ፤ ለአምስት ወር። ሰው ሁሉ ቪፒኤን፣ ማለትም ከሌላ አገር የምትገባ የሚያስመስል መተግበሪያ፣ ስልኩ ላይ ጫነ። ቢሮ ውስጥ «የትኛው ነው የሚሠራልህ?» የሰላምታ ያህል ሆኖ ነበር። አንዱ የኔዘርላንድ፣ አንዱ የሲንጋፖር ሰው ሆኖ ነው የሚገባው። የኔ ስልክ ባትሪው በግማሽ ቀን ያልቃል፣ ዳታው እንደ ጉድ ይበላል፣ ቪዲዮው እየተንቀጠቀጠ ይመጣል።

እናቴ ቤት ስሄድ እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ የሲኖዶሱን መግለጫ እየሰማች ነው። በቤተ ክርስቲያኒቱ የሳተላይት ጣቢያ፤ ጥርት ያለ ድምፅ፣ ጥርት ያለ ምስል። እኔ ስልኬን እየነካካሁ «ቆይ ቪፒኤኑ ይያዝልኝ» እላለሁ።

«ምን ሆነብህ ደግሞ?» አለች።

«ተዘግቷል።»

«እንግዲያ ተቀመጥና ከዚህ ስማ» አለችና ድምፁን ጨመረችው።